ፎቶ ቁጥር ዐሥራ አንድ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶች ብልሆች ነበሩ። የፋንታነሽ ዘመዶች ግን ከአባቶችም በለጡ። በዓይናቸው ያዩትን፣ በጥርሳቸው የጋጡትን፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው የጨፈሩበትን ነገር ወረቀት መጥቶ «አልሆነም» ቢላቸው፣ «አልሆነማ!» ብለው እጅ የሚነሡ ትሑታን ናቸው። ይህ ትሕትና ተረስቶ እንዳይቀር፣ የፋንታነሽ ጋብቻ በግንቦት ወር፣ ዐርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢቸና ከተማ፣ በአጎቷ ሳሎን ውስጥ እንዴት አልነበረም እንደተባለ እነሆ ለትውልድ ይቅረብ።

ፋንታነሽ ያገባችው ጥር ላይ ነው። ባሏ ይታገስ የሞጣ ልጅ ነው፤ ባሕር ማዶ፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ ብርዳም አገር፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ይውላል። የአንድ ወር ፈቃድ ሰጡት፤ መጣ፣ አገባ፣ ሃያ ሁለት ቀን ከሚስቱ ጋር ከረመና ተመለሰ፤ እሷም የሚስትነት ቪዛ አመልክታ፣ መልስ እስኪመጣ አጎቷ ቤት ገባች። ሠርጉ እንደው የዋዛ ሠርግ አልነበረም። ሁለት በሬ ወድቋል። ሦስተኛው ከሞጣ ሲመጣ መንገድ ላይ እግሩን ተሰብሮ ሲያነክስ ይታገስ አየውና፣ «እሱስ ይማር» ብሎ ለሚስቱ ትቶላት ሄደ። ዳሱ እስከ ጎረቤት አጥር ደርሶ ነበር። አጎቷ አቶ ገላው ደግሞ እስክስታው ሲጠናባቸው የቀኝ ጫማቸው ከእግራቸው አምልጦ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ፤ የግራው እስከ ዛሬ አልጋ ሥር ብቻውን ተቀምጧል።

አቶ ገላው አባትና እናቷን በልጅነቷ ያጣችውን ፋንታነሽን ያሳደጉ፣ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት አገልግለው በጡረታ የተሰናበቱ ሰው ናቸው። እሳቸው ዘንድ ፍጥረት ሁለት ዓይነት ነው፦ ማኅተም ያለውና የሌለው። በዚህ መለኪያ ፋንታነሽን ይወዷታል፤ መናኸሪያው አጠገብ ኮፒ ቤት ስላላት የወረቀት ወገን ናት።

የኤምባሲው መልስ በኢሜይል መጣ። ፋንታነሽ በራሷ ፕሪንተር አወጣችው። አናቱ ላይ ሁለት አውሬ ቆመው ጋሻ ይዘዋል። «ተከልክለሻል» የሚለውን ለመረዳት ያላት እንግሊዝኛ በቃት፤ እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ለአጎቷ ወስዳ ሰጠቻቸው። አጎቷ ግን አውሬዎቹን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ይህማ እንዲህ በሜዳ አይነበብም» አሉ። «ዘመድ ይሰብሰብ። መምህር እንዳለው ይጠራ።»

መምህር እንዳለው የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ በግንቦት ሙቀት ከረባት የማያወልቅ። ሳሎኑ መካከል ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተረጎመ።

«አንደኛ። ፎቶ ቁጥር ሰባት ላይ አመልካቿ እያለቀሰች ትታያለች።»

«ታዲያ ሙሽራ ሳታለቅስ ካደገችበት ቤት ትውጣ?» አሉ የአጎቷ ሚስት እትዬ አየሁሽ። «ጥርሷን አሳይታ ብትወጣ እኔው ነበርኩ ከበሩ የምመልሳት!»

«ሁለተኛ። ፎቶ ቁጥር ዘጠኝ ላይ አመልካቿ አንገቷን ደፍታለች፤ ባልየው ወደ ጣሪያው ያያል። ፍቅር አይነበብም።»

«ፊታችን ላይ ሊያነቡት ኖሯል?» አሉ እትዬ አየሁሽ።

«ሦስተኛ። ባልና ሚስቱ በተላላኩት አራት መቶ ዐሥራ ሁለት መልእክት ውስጥ ‹እወድሻለሁ› የሚል አንድም አልተገኘም። በአንጻሩ ‹የበሬው እግር እንዴት ሆነ› የሚል አርባ ሰባት ጊዜ ተገኝቷል።»

«ይሻለዋል እኮ» አለ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ዘመድ።

«አራተኛ» አለ መምህር እንዳለውና ከረባቱን አላላ። «ፎቶ ቁጥር ዐሥራ አንድ ላይ አመልካቿ በሌላ ወንድ ጀርባ ላይ ታዝላ ትታያለች። የዚህ ሰው ማንነትና ከአመልካቿ ጋር ያለው ግንኙነት አልተብራራም።»

ሰው ሁሉ ወደ ፋንታነሽ ዞረ።

«እሱማ የይታገስ ጓደኛ ምንይሉ ነው!» አለች ፋንታነሽ። «አንደኛ ሚዜው ነዋ! ሙሽራ መሬት ሳትረግጥ እስከ መኪናው አዝሎ የሚወስድ ሚዜ አይደለም እንዴ? ሁላችሁም ቆማችሁ ስታጨበጭቡ ነበር እኮ!»

«በዚህም መሠረት» ቀጠለ መምህር እንዳለው፣ ድምፁን እንደ ዳኛ አወፍሮ፣ «ጋብቻው እውነተኛና ቀጣይ መሆኑን አላመንንበትም። ይግባኝ በሃያ ስምንት ቀን።»

አቶ ገላው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ሊስሙት ምንም አልቀራቸውም። ረጅም ሰዓት አዩት። በመጨረሻም መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ያካበቱትን ጥበብ በአንድ ዓረፍተ ነገር አፈሰሱት፦

«እንግዲህ አንድ ሙሉ መንግሥት ያላመነበትን እኛ ማን ሆነን እናምንበታለን?»

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሠርጉ ላይ ነበሩ!»

«ነበርኩ። መኖሬ ግን እዚህ ላይ አልሰፈረም።»

«ጫማዎ ጠፍቶ የለም እንዴ?»

«ጫማ በብዙ ምክንያት ይጠፋል፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ ይህን ወረቀት ያተምኩት እኔ ነኝ! ከኔው ማሽን ነው የወጣው!»

«ያተምሽውስ አንቺ ነሽ» አሉ አቶ ገላው በርኅራኄ፤ «አውሬዎቹ ግን ያንቺ አይደሉም።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሠርጉ ታሪክ ከኋላው እየተተረተረ ሄደ። እትዬ አየሁሽ ያን ዕለት የበሉት ሥጋ ነገሩ አላጠግብ ብሏቸው እንደነበረ አስታወሱ። አንዱ ዘመድ ጠላው ሲጠጡት የማያሰክር፣ ጥርጣሬ ያለበት ጠላ እንደነበረ ተናገረ። ሌላዋ ደግሞ ዳሱን አስታውሳለሁ፣ ሙሽራዋን ግን በደንብ አላስታውስም አለች። አራት መቶ ሰው የበላው ሠርግ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት በሬ በድንገት የሞቱበት ቀን ሆኖ ቀረ።

ይታገስ ባሕር ማዶ ጠበቃ ያዘ። ጠበቃዋ የጠየቀችው ቀላል ነገር ነው፦ ሠርጉ ላይ የነበሩ ሰዎች ያዩትን ጽፈው ይፈርሙ፤ ፎቶ ቁጥር ዐሥራ አንድም ይብራራ። የሞጣዋ አማቷ እማማ የትናየት በዚያው ቀን ፈርመው ላኩ። «ወረቀት አላነብም፣ ዓይን ግን አለኝ» አሉ በስልክ። ነገር ግን ጠበቃዋ፣ የወንዱ እናት ብቻዋን አትበቃም፣ የሙሽራዋ ወገን ይመስክር አለች። ፋንታነሽ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ቤት ለቤት ዞረች።

«ልጄ፣ አንቺን ጠልቼ አይደለም» አሉ አቶ ገላው። «ነገር ግን ወረቀቱ አልሆነም እያለ ሆኗል ብዬ ብፈርም በሐሰት መመስከር ነው። ዐሥርቱ ትእዛዛትን በስተርጅና ልጣስ?»

ሌሎቹም፣ ገላው ከፈረመ እንፈርማለን አሉ። የተማረ ዘመድ ያለው ሰው ምንኛ የታደለ ነው።

ይህ ሁሉ ሳያንስ በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ። የላካቸው ባለ ወፍጮው አቶ ታዘበው ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመቱ። የሽማግሌዎቹ አፍ አያ ሰማው ይባላሉ።

«ቤትዎ ያላገባች ልጅ እንዳለች በመንግሥት ደረጃ ሰምተን ነው የመጣነው» አሉ አያ ሰማው።

ፋንታነሽ ጓዳ ሆና ሰማች። እጇ ላይ የነበረው ብርጭቆ ወደቀ።

አቶ ገላው ጢማቸውን ዳሰሱ። እንደ ደንቡ፣ ሴት ልጅ ለጠያቂ ወዲያው አትሰጥምና፣ «የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ተመለሱ» አሏቸው። ቀኑን በማስታወሻቸው መዘገቡ። የይግባኙ ቀነ ገደብ ከዚያ እሑድ በኋላ በሦስተኛው ቀን ያልቃል።

ያን ቀን ከሰዓት ይታገስ ደወለ። እዚያ ቤት ስልክ ሲጮኽ ግድግዳው ሳይቀር ጆሮ ያወጣል። እትዬ አየሁሽ ሽንኩርት መክተፋቸውን አቆሙ፤ አቶ ገላው ሬዲዮኑን ዘጉ።

«ሄሎ» አለ ይታገስ። «የበሬው እግር እንዴት ሆነ?»

ፋንታነሽ ከንፈሯን ነከሰች። ሰው ፊት ሚስቱን «ናፈቅሽኝ» ብሎ የማያውቅ ልጅ ነው። አርባ ስምንተኛው ነው፤ ኤምባሲው ይቁጠረው።

«ሣር አልበላም ብሏል» አለች።

«እ... ውኃስ?»

«ውኃም።»

ከወዲያ በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «በርታ በይው» አለ ይታገስ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «አንድ ሰው እዚህም አልበላ ብሎታል በይው።»

«ይህን ያህል ለበሬ!» አሉ እትዬ አየሁሽ፣ ሽንኩርታቸውን መልሰው እየከተፉ።

ፋንታነሽ በማግሥቱ ኮፒ ቤቷ ገብታ ኮምፒውተሩን ከፈተች። የእምቢታውን ደብዳቤ ከፊቷ ዘረጋች። አናቱ ላይ ካሉት አውሬዎች ፋንታ ሁለት በሬዎች ቀንድ ለቀንድ ቆመው ኮፒ ማሽን ሲደግፉ አስቀመጠች፤ አንደኛውን እግሩን ትንሽ ከፍ አደረገችው። ጽፋ ስትጨርስ የሱቋን ማኅተም አሳረፈችበት። «ፋንታነሽ ጽሕፈትና ኮፒ» ይላል፤ ነገር ግን ክብ ነው። እንደ ጨረቃ የሞላ ክብ።

አቶ ገላው ፖስታውን የተቀበሉት ከቁርስ በኋላ ነው። መነጽራቸውን አደረጉ።

«ለአቶ ገላው። ጉዳዩ፦ የአጎትነት ማመልከቻዎን ይመለከታል። ማስረጃዎን በጥንቃቄ መርምረናል። አንደኛ፣ በቀረቡት ፎቶዎች ሁሉ የአመልካቹ አፍንጫ ከልጅቷ አፍንጫ ጋር አይዛመድም። ሁለተኛ፣ አመልካቹ ባለፉት ዐሥራ ስድስት ዓመታት ለልጅቷ ‹እወድሻለሁ› ያሉበት ቀን አልተመዘገበም፤ በአንጻሩ ‹በሩን ዝጊው› የሚል ከዐሥር ሺህ ጊዜ በላይ ብለዋል። ሦስተኛ፣ ፎቶ ቁጥር አራት ላይ ልጅቷ ጉልበታቸውን ስትስም አመልካቹ የሚያዩት ብርንዶውን ነው። በዚህም መሠረት አጎትነቱ እውነተኛና ቀጣይ መሆኑን አላመንንበትም። ይግባኝ በዐሥር ቀን።»

ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ለሚስታቸው ሰጧቸው። እትዬ አየሁሽ ማንበብ ባይችሉም ማኅተሙን በጣታቸው ዞሩት።

«ክብ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ታዲያ ይህች ልጅ ምናችን ናት?»

አቶ ገላው በትራቸውን አንሥተው ኮፒ ቤቱ ድረስ ሄዱ።

«አንቺ ልጅ! እኔ አጎትሽ አይደለሁም?»

«እኔማ ባምን ደስ ይለኝ ነበር፣ ጋሼ። ወረቀቱ ነው።»

«ወረቀቱን የጻፍሽው አንቺው!»

«የጻፍኩትስ እኔ ነኝ» አለች ፋንታነሽ በርኅራኄ፤ «ማኅተሙ ግን ክብ ነው።»

አቶ ገላው ይህን ቃል ያውቁታል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራሳቸው ለሰው ሲናገሩት የኖሩት ነው። ወደ ቤታቸው ተመለሱና ወረቀቱን በፋይል አስገቡት፤ ማኅተም ያለበት ነገር ሜዳ ላይ አይጣልማ።

እሑድ ደረሰ። አያ ሰማውና ባልደረቦቻቸው ተመለሱ። ፋንታነሽ ጓዳ መጋረጃው ጀርባ ቆማለች። ከሦስት ቀን በኋላ ይግባኙ ይዘጋል፤ አሁን ደግሞ አጎቷ «ሰጥቻለሁ» ካሉ ነገሩ አለቀ።

«እንግዲህ መልሱን ለመስማት ነው» አሉ አያ ሰማው።

አቶ ገላው ሐቀኛ ሰው ናቸውና ተከዙ። «አያ ሰማው፣ አንድ ነገር አለ» አሉ። ፋይሉን አወጡ። «መደበቅ ነውር ነው።»

አያ ሰማው በቅኔ ቤት ያደጉ፣ ፊደል ሲያዩ የሚቆሙ ሽማግሌ ናቸው። ጣታቸውን በየመስመሩ አስከትለው አነበቡ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ወንድም ገላው፣ ይህ ከሆነ እኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንነጋገር የነበረው ከማን ጋር ነው?»

«ከኔ ጋር።»

«አንተ ለልጅቷ ማን ነህ?»

«እሱ... በሂደት ላይ ነው።»

«የሰው ልጅ ከመንገደኛ አይጠየቅም» አሉ አያ ሰማው፤ ተነሡ። ሁለቱም ተከተሏቸው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል፤ ያን ዕለት አህያው አመዱን አግኝቶ ተንከባለለ፣ አቶ ገላው ግን ቆመው ቀሩ።

ፋንታነሽ ከመጋረጃው ጀርባ ስትወጣ አጎቷ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ለአንድ አፍታ አሳዘኗት። ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት የመሰለ ፊቷን ግን አልቀየረችም።

«ይግባኝ ይቻላል፣ ጋሼ። ማስረጃ ካለ።»

«ማስረጃማ አለኝ!» አቶ ገላው አልጋ ሥር ተንፏቀው የግራ ጫማቸውን ይዘው ብቅ አሉ። «ይኸው! በሠርግሽ ቀን ስጨፍር ነው ቀኙ የጠፋው! አጎት ያልሆነ ሰው ለሰው ልጅ ጫማ እስኪጠፋው ይጨፍራል?»

«ይጻፍና ይፈረም።»

ጻፉ። በመዝገብ ቤት የተካነ ባማረ እጃቸው ጻፉ፦ «እኔ ስሜ ከታች የተገለጸው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደግኳትን ፋንታነሽን በጥር ወር ለሞጣው ልጅ ለይታገስ በሕግና በወግ ስድር፣ ጉልበቴን ስማ፣ እያለቀሰች፣ እንደ ባህሉ አንገቷን ደፍታ፣ በአንደኛ ሚዜው ጀርባ ታዝላ ከቤቴ መውጣቷን፣ አራት መቶ ሰውም መብላቱን በዓይኔ ያየሁ በመሆኔ፣ አጎትነቴ ይታመንልኝ።» ፈረሙ። ከፈረሙ በኋላ አንዴ መልሰው አነበቡትና ብዕራቸው አየር ላይ ቀረ።

«ቆይ... ይህ...»

«ደርሷል» አለች ፋንታነሽና ክቡን ማኅተም ዷ! አድርጋ አሳረፈችው።

ሰኞ ጠዋት ለእያንዳንዱ ዘመድ ፖስታ ደረሰው። የአክስትነት፣ የጎረቤትነት፣ የክርስትና እናትነት ማመልከቻ ሁሉ ውድቅ ሆኗል። ኮፒ ቤቱ ደጃፍ እስከ መናኸሪያው በር ሰልፍ ሆነ። ያላጠገበው ሥጋ አጠገበ፤ የማያሰክረው ጠላ አሰከረ። «እኔ ነኝ እንጂ ጎኗ ቆሜ እንባዋን የጠረግሁላት!» ትላለች አንዷ። «ውሸቷን ነው፣ እኔ ነኝ!» ትላለች ሌላዋ። «ሁለታችሁም ጻፉት» ትላለች ፋንታነሽ። በአንድ ቀን ስድሳ አንድ ምስክር ፈረመ።

የቀረው የፎቶ ቁጥር ዐሥራ አንድ ማብራሪያ ነበር። ማክሰኞ ማለዳ ሞጣ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈረች። ምንይሉ፣ ያቺ «የሌላ ወንድ ጀርባ» የምትል ወሬ ሞጣ ከደረሰች ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ ከዋርካው ጀርባ የሚቆም፣ የእጮኛው አባት ሰላምታ የነሡት ምስኪን ሆኗል። ፋንታነሽ የእሱንም ፖስታ ሰጠችው፤ አነበበና ወገቡን ያዘ።

«ሚዜነቴ አልታመነበትም? ሚዜ ካልሆንኩ ታዲያ ይህ ወገቤ ምን ነካው?»

ከሳጥኑ ውስጥ የጤና ጣቢያ ካርድ አወጣ። ቀኑ ከሠርጉ በሦስተኛው ቀን ነው። «የወገብ ሕመም። ምክንያቱ፦ በሚዜነት ሙሽራ ተሸክሞ ኮረብታ መውረድ» ይላል። ፊርማ አለው። ማኅተም አለው። ያውም ክብ።

ፋንታነሽ ካርዱን እያየች፣ «ይህን ያህል እከብዳለሁ?» አለች።

«አንቺስ አትከብጂም፣ ካባው ነው» አለ ምንይሉ። «ደግሞ እያለቀስሽ ትወራጪ ነበር።»

«ይህንንም ጻፈው።»

የስድሳ አንዱ ሰው ቃልና የምንይሉ ወገብ ረቡዕ ጠዋት፣ ኔትወርክ ባለበት በአንዲት ሰዓት ውስጥ፣ ባሕር ተሻገሩ።

መልሱ ጥቅምት ላይ መጣ። አቶ ገላው እንደገና ዘመድ ሰበሰቡ፤ መምህር እንዳለው እንደገና ከረባቱን አላላ። «ጋብቻው እውነተኛና ቀጣይ መሆኑን አምነንበታል» ሲል እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። እትዬ አየሁሽ ያን ዕለት የበሉት ሥጋ እስከ ዛሬ ጥርሳቸው ውስጥ እንዳለ ተናገሩ። አቶ ገላው ንግግር አደረጉ፦ እሳቸው ለአንዲትም ደቂቃ ተጠራጥረው እንደማያውቁ፣ እውነት እንደ ዘይት ከላይ እንደምትንሳፈፍ፣ ፋንታነሽም ከዛሬ ጀምሮ ያገባች ሴት መሆኗን አበሠሩ።

የመሄጃዋ ቀን መናኸሪያው ሞላ። በሬው ሳይቀር መጣ፤ ከእንግዲህ እማማ የትናየት ዘንድ ሞጣ ነው የሚኖረው። ፋንታነሽ የቪዛውን ፓስፖርት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ስልኳን አወጣችና ለይታገስ ጻፈችለት፦ «በሬው ሣር በላ።»

አቶ ገላው ሕዝቡን ገፍተው መስኮቱ ሥር ደረሱ። ግራ ቀኝ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ... የኔስ ጉዳይ?»

«የትኛው፣ ጋሼ?»

«አጎትነቴ ነዋ። ካመለከትኩ አምስት ወር አለፈኝ።»

ፋንታነሽ አንገቷን ከመስኮቱ አውጥታ ግንባራቸውን ሳመቻቸው። «በምርመራ ላይ ነው» አለች። «ጥሪ ይጠብቁ።»

አውቶቡሱ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ኮፒ ቤቱን አሁን የያዘችው ስርጉት የምትባል ልጅ ስለ ጉዳዩ የምታውቀው ነገር የለም፤ ባለጉዳይ የሚስተናገደው ማክሰኞ ማክሰኞ እንደሆነ ብቻ ተነግሯታል። አቶ ገላውም ማክሰኞ ማክሰኞ ፎቶ ቁጥር አራትንና የግራ ጫማቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ይሰለፋሉ። ሰልፉ ላይ ከእሳቸው በቀር ሰው የለም። ቢሆንም ተራቸውን ይጠብቃሉ።